የካም ኩሽኔታ ብቻውን አይሸጥም

የመለዋወጫ ዕቃ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ጨርቅ የሚገዛ ሰው የጨርቁን መልካምነት በእጁ ዳስሶ፤ ቡና የሚገዛም ቀምሶ ያውቀዋል። የሞተር መለዋወጫ የገዛ ሰው ግን የዕቃውን መልካምነት የሚረዳው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ከተከደነና ብዙ መንገድ ከተሄደበት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ጉድለት ቢገኝ የሚጠፋው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ይኸን ንግድ የያዘ ነጋዴ ከብረቱ ጋራ እምነትን አብሮ ይሸጣል ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር ከሚሆኑት ዕቃዎች አንዱ የሞተር ብስክሌት የካም ሻፍት ኩሽኔታ ነው። ይኽ ዕቃ በመዳፍ ውስጥ የሚጨበጥ፤ በሱቅ መደርደሪያም ላይ ዓይን የማይሞላ ነው። ሆኖም በአሜሪካ አገር አንድ ዕውቅ ፋብሪካ በዚሁ ትንሽ ዕቃ ምክንያት ለደንበኞቹ ደብዳቤ ለመጻፍ፤ በፍርድ ቤትም ቆሞ ለመከራከር ተገድዶአል። ታሪኩና ከታሪኩ የሚገኘው የንግድ ትምህርት ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች እንደሚጠቅም ስለታመነበት ከዚህ በታች ተዘርዝሮ ቀርቦአል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዕቃው ሥራ

እንደሚታወቀው አራት ምት ባለው ሞተር ውስጥ ነዳጅና አየር የሚገባባቸውን፤ ጢስም የሚወጣባቸውን ቫልቮች በየተራቸው የሚከፍተው ካም ሻፍት የሚባለው ዘንግ ነው። በዘንጉ ላይ እንደ እንቍላል ጫፍ የሾሉ ጉብታዎች አሉ፤ ጉብታው በዞረ ቍጥር የቫልቩን ሞላ ተጭኖ ቫልቩን ይከፍታል። ካም ሻፍቱ የሚዞረው በዋናው የሞተር ዘንግ ግማሽ ፍጥነት ነው። ይኸውም ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ 1,500 ጊዜ፤ በአንድ ሰዓት ጉዞ 90,000 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሞላውን ግፊትና የሰንሰለቱን ስበት ተሸክሞ የሚኖረው ኩሽኔታው ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ኩሽኔታዎች በሦስት ይከፈላሉ። ባለ ኳሱ ሸክሙን የሚቀበለው ኳሱ ቀለበቱን በሚነካበት ነጥብ ላይ ነው። ባለ ሮለሩ ግን በርዝመቱ ሙሉ ስለሚያርፍ ከበድ ያለ ሸክም ይችላል። ባለ መርፌው ደግሞ ሮለሮቹ እንደ መርፌ የቀጠኑ በመሆናቸው ጠባብ በሆነ ቦታ ገብቶ ብዙ ሸክም ለመያዝ ይመረጣል።

በሚልዋኪ ከተማ የተነሣው ክርክር

በ1903 በዊስኮንሲን ግዛት በሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተው የሃርሊ ዴቪድሰን ፋብሪካ ለ1999 ሞዴል ‹ትዊን ካም 88› የተባለ አዲስ ሞተር አወጣ። 88 የተባለው የሲሊንደሮቹ ይዞታ 88 ኪዩቢክ ኢንች፤ ማለት 1,450 ሲሲ ያኽል በመሆኑ ነው። ትዊን ካም መባሉም ከርሱ በፊት በነበረው ሞተር አንድ የነበረው ካም ሻፍት በዚህኛው ሁለት ስለሆነ ነው። ሁለቱ ካሞች በሞተሩ ቀኝ በኩል ጎን ለጎን ተቀምጠው በሰንሰለት ይዞራሉ። የእያንዳንዱ ካም ውስጠኛ ጫፍ በሞተሩ አካል ውስጥ በተተከለ የመርፌ ኩሽኔታ፤ ውጫዊው ጫፍ ደግሞ ደጋፊ በሆነ ጠፍጣፋ ብረት ላይ በተተከለ ሌላ ኩሽኔታ ይያዛል።

ሞተሩ በገበያ ላይ ከዋለ በኋላ በጥቂቶቹ ላይ የኋለኛው ካም ኩሽኔታ ሲሰበር ተገኘ። ፋብሪካው በጃንዋሪ 2001 ለባለንብረቶቹ በላከው ደብዳቤ ይኸንኑ አስታውቆ፤ ለካሙ ኩሽኔታ የአንድ ዓመት የነበረውን ዋስትና ወደ አምስት ዓመት ወይም ወደ 50,000 ማይል፤ ማለት ወደ 80,000 ኪሎ ሜትር ያኽል ከፍ አደረገው። ለወኪሎቹና ለጥገና ክፍሎቹም ሥራው እንዲፋጠን ዋጋው 495 ዶላር የሆነ የኩሽኔታ መጠገኛ ስብስብ አዘጋጀ። ጉዳዩ የሚነካቸው የ1999 እና የ2000 መጀመሪያ ሞዴሎች 140,000 ያኽል ነበሩ።

በዚያው ዓመት አንዳንድ ባለንብረቶች ለራሳቸውና ለመሰሎቻቸው ሁሉ በማለት ክስ አቀረቡ። ክሱ ‹ኩሽኔታችን ተሰብሮአል› የሚል አልነበረም። ‹ሞተሩ ጉድለት እንዳለበት በመታወቁ የንብረታችን ዋጋ ቀንሶአል፤ ፋብሪካውም ጉድለቱን እያወቀ ሳይነግረን ሸጦልናል› የሚል ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚው መልሶ ከፈተው፤ የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በማርች 2004 በሰጠው ፍርድ ለፋብሪካው ፈረደ። የፍርዱ ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ገዥው ያጣው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ከሆነ ኪሣራውን በውሉና በዋስትናው መንገድ ይጠይቃል እንጂ በማታለል ክስ አይጠይቅም። እንዲሁም ሻጭ ዕቃውን ለማሞገስ የሚጠቀምባቸው ‹ድንቅ ሥራ› እና ‹ምርጥ ጥራት› የመሰሉት ቃላት እንደ ተጨባጭ ማረጋገጫ ሊቈጠሩ አይችሉም።

ከዚህ ክርክር ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፤ የሻጭና የገዥ ጉዳይ የሚያርፈው በማስታወቂያው ውዳሴ ላይ ሳይሆን በተጻፈው ዋስትና ላይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፤ ፋብሪካው የተሰበረውን አንድ ኩሽኔታ ብቻ በፖስታ ከመላክ ይልቅ ለሥራው የሚያስፈልገውን ባንድነት ሰብስቦ ማቅረቡ ነው። ይኽ ሁለተኛው ነገር ለምን እንደተደረገ ለመረዳት የመለወጡን ሥራ ራሱን መመልከት ያስፈልጋል።

የመለወጡ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን

ባለሞያው በመጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ ይፈታል። ቀጥሎ በካሙና በቫልቮቹ መካከል ሆነው እንቅስቃሴውን የሚያስተላልፉትን ገፊ ዘንጎች ያወጣል። ከፋብሪካ የመጡት ዘንጎች ርዝመታቸው የማይለወጥ በመሆኑ እነርሱን ለማውጣት የነዳጁን ታንክና የቫልቮቹን ክዳን ማንሣት ግድ ይሆናል። ጊዜ ለመቈጠብ የሚፈልግ ባለሞያ ግን የቀድሞዎቹን ቈርጦ ይጥልና ርዝመታቸው የሚስተካከል ሌሎች ዘንጎችን በምትካቸው ያስገባል። ከዚህ በኋላ ፑንተሪያዎቹን ወደ ላይ አስይዞ የካሙን ክዳን፤ ሰንሰለቱን ከነጥርሶቹ፤ ደጋፊውን ብረት፤ ከበስተኋላው ያለውንም የዘይት ፓምፕ በየተራ ይፈታል።

የውጫዊው ጫፍ ኩሽኔታዎች ከደጋፊው ብረት በመጭመቂያ ይወጣሉ። በሞተሩ አካል ውስጥ የተተከሉት የመርፌ ኩሽኔታዎች ግን ከበስተኋላቸው የሚገፋቸው ቦታ ስለሌለ በልዩ ማውጫ ተስበው መውጣት አለባቸው። አዲሱን በማስገባት ጊዜ ቍጥሩና የፋብሪካው ስም የታተመበት ፊት ወደ መሣሪያው ዞሮ፤ ቀስ በቀስ በብሎን ኃይል እየተገፋ ይገባል። በመዶሻ መምታት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የመርፌው ኩሽኔታ ቅርፊት ስስ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተጣመመ መርፌዎቹ ይታነቃሉ፤ ታንቀውም ዘንጉን ይበሉታል።

ሲገጠም በጥርሶቹ ላይ ያሉት ምልክቶች ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው፤ ይኽ ከተሳሳተ ቫልቮቹ ያለ ተራቸው ይከፈታሉ። የሁለቱ ጥርሶች አሰላለፍም አንዱ ከሌላው እንዳይወጣና እንዳይገባ በመካከል በሚገባ ቀለበት ይስተካከላል። የደጋፊው ብረት ብሎኖች ባንድ ጊዜ አይጠብቁም፤ ሞተሩ በእጅ እየዞረ በጥቂት በጥቂቱ ሲጠብቁ የዘይቱ ፓምፕ መካከሉን ያገኛል። በመጨረሻም ገፊ ዘንጎቹ ከተስተካከሉ በኋላ በፑንተሪያዎቹ ውስጥ ያለው ዘይት እስኪወርድና ዘንጎቹ በጣት እስኪዞሩ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። ይኸን ሳይጠብቅ ሞተሩን የሚያስነሣ ሰው ዘንግ ወይም ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል።

ከኩሽኔታው ጋራ አብረው የሚለወጡት

ከላይ የተነገረው ሥራ አንድ ኩሽኔታ ቢለወጥም አራት ቢለወጡም ያው ነው። የሚፈታው ክዳን፤ የሚወርደው ዘይት፤ ለባለሞያው የሚከፈለው የጉልበት ዋጋ አይለወጥም። የተለየ የሚሆነው የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው፤ እርሱም ከጉልበቱ ዋጋ ጋራ ሲመዛዘን ትንሽ ነው። ስለዚህ አራቱም ኩሽኔታዎች፤ የክዳኑ ጓርኒሲዮን፤ የዘይት መተላለፊያዎቹ የጎማ ቀለበቶች፤ የገፊ ዘንጎቹ ቱቦ ማሸጊያዎች፤ እንዲሁም ዘይቱና የዘይቱ ማጣሪያ አብረው ይለወጣሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የማይረሳው ግን የሰንሰለቱ መወጠሪያ ነው። እስከ 2006 ሞዴል ድረስ በብዙዎቹ ትዊን ካም ሞተሮች ላይ የነበረው መወጠሪያ በሞላ ኃይል ሰንሰለቱን የሚጫን የፕላስቲክ መደገፊያ ነበር። ሰንሰለቱ በላዩ ሲሮጥ ፕላስቲኩ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ፍርፋሪውም ከዘይቱ ጋራ ወደ ፓምፑና ወደ ዘይቱ መተላለፊያ ይሄዳል። ፕላስቲኩ አልቆ ሰንሰለቱ ብረት ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ወደ መላው ሞተር ይዛመታል። ኩሽኔታውን ለውጦ ያለቀውን መወጠሪያ እዚያው የተወ ባለሞያ በር ዘግቶ መስኮት እንደ ረሳ ሰው ነው። ፋብሪካውም ነገሩን ተረድቶ መወጠሪያውን በዘይት ግፊት የሚሠራ፤ ሰንሰለቱንም ባለ ሮለር አድርጎታል፤ ይኽ ለውጥ በ2006 በዳይና ሞዴሎች ተጀምሮ በ2007 ለቀሩት ደርሶአል። ከ2017 ሞዴል ጀምሮ የወጣው ሚልዋኪ ኤይት የተባለው ሞተር ደግሞ ወደ አንድ ካም ተመልሶአል። የቀድሞዎቹ ሞተሮች ግን እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ ስላሉ ኩሽኔታቸው ዛሬም ይሸጣል።

ሻጩ ሊያውቀው የሚገባ

ለብዙዎቹ የ1999 እስከ 2006 ሞተሮች የሚሆነውና ባለሞያዎች የሚመርጡት የውስጥ ኩሽኔታ በላቲኑ ፊደል ቢ ተጽፎ 148 የሚል ቍጥር አለው። ይኽ ቍጥር ለሚያነበው ሰው መጠኑን ይነግረዋል። 14 ማለት የውስጡ ስፋት አሥራ አራት የኢንች አሥራ ስድስተኛ፤ ማለት 22.225 ሚሊ ሜትር ነው፤ 8 ደግሞ የወርዱ መጠን ስምንት የኢንች አሥራ ስድስተኛ፤ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። በሜትር መለኪያ ብቻ የለመደ ነጋዴ ‹ያው ነው› ብሎ የ22 ሚሊ ሜትር ኩሽኔታ ቢያቀርብ በዓይን የማይታየው ልዩነት ዕቃውን ከንቱ ያደርገዋል። ቢ የሚለው ፊደል ያለ ማቀፊያ ሙሉ በሙሉ በመርፌ የተሞላ መሆኑን፤ ጄ የሚለው ደግሞ መርፌዎቹ በማቀፊያ የተያዙ መሆናቸውን ያመለክታል። በመርፌ የተሞላው መርፌው ብዙ በመሆኑ ከበድ ያለ ሸክም ይችላል፤ የሚሰበር ማቀፊያም የለውም።

የፋብሪካው ስም መለወጥም ገበያተኛን ያደናግራል። ይኽ ዕቃ በመጀመሪያ ቶሪንግተን በሚል ስም ይሸጥ ነበር። በ2003 ቲምከን የተባለው ኩባንያ ቶሪንግተንን ገዛ፤ በ2009 ማለቂያም የመርፌ ኩሽኔታው ክፍል ወደ ጃፓኑ ጄቴክት ተላልፎ ኮዮ በሚል ስም መሸጥ ጀመረ። ደንበኛው የቀድሞውን ስም ጠርቶ ሲጠይቅ ‹የለም› ብሎ የሚመልስ ሻጭ ዕቃው በመደርደሪያው ላይ እያለ ገበያውን ያጣል።

የመርፌ ኩሽኔታ ስስ ቅርፊት ትክክለኛ ክብነቱን የሚያገኘው በቦታው ሲገባ ስለሆነ በሱቅ ውስጥ በመለኪያ ለክቶ ‹ጠሟል› ማለት ስሕተት ነው። የሚታመነው ቍጥሩ ነው። ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ በመጀመሪያ መጠቅለያው እንዳለ፤ በጋደመበት፤ እርጥበት በሌለበት ቦታ ይቀመጥ። ለገበያተኛ ለማሳየት ሲባል መጠቅለያውን መቅደድ አይገባም፤ የእጅ ላብ ብቻውን ለዝገት በቂ ነው። አስመሳይ ዕቃን በሚመለከት ዋጋው ከልማዱ እጅግ የወረደ፤ ጽሕፈቱ የደበዘዘ፤ ሳጥኑና በብረቱ ላይ ያለው ቍጥር የማይስማማ ሲሆን መጠርጠር ይገባል። ከታወቁት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ በሳጥኑ ላይ በስልክ ተነብቦ እውነተኛነቱ የሚታወቅበት ምልክት ስለሚያትሙ አስመጪው ጭነቱን ሲረከብ ይኸንኑ ቢመረምር ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

በአገራችን ገበያ

በኢትዮጵያ ከተሞች በብዛት የሚታዩት ሞተር ብስክሌቶች አንድ ሲሊንደር ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው። ካማቸው በብዙዎቹ ላይ በቴስታታው ውስጥ ይገኛል። በአንዳንዶቹ ካሙ በሁለት ባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ ይዞራል፤ በሌሎቹ ግን ኩሽኔታ የሚባል ነገር ሳይኖር በቀጥታ በቴስታታው አሉሚኒየም ላይ በዘይት ብቻ ይዞራል። በመጀመሪያዎቹ ኩሽኔታውን በጊዜው መለወጥ ቴስታታውን ያድናል። በሁለተኞቹ አሉሚኒየሙ ከተበላ ቴስታታውን ራሱን እስከ መለወጥ ያደርሳል፤ ስለዚህ ለእነዚህ ደንበኞች ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸጠው መድኃኒት መልካም ዘይት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የባለ ኳሱን ኩሽኔታ ቍጥር ማንበብም ቀላል ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሐዞች የውስጡን ስፋት ያመለክታሉ፤ 00 ማለት 10፤ 01 ማለት 12፤ 02 ማለት 15፤ 03 ማለት 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ04 ወዲያ በ5 ይባዛል። ነገር ግን የፊተኞቹ አሐዞችም መታየት አለባቸው። 6004 እና 6204 ሁለቱም የ20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይቀበላሉ፤ የውጭ ስፋታቸው ግን የመጀመሪያው 42፤ የሁለተኛው 47 ሚሊ ሜትር ነው። በቍጥሩ መጨረሻ ሲ3 የሚል ካለ በውስጡ የተተወው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ያለ መሆኑን ያመለክታል። የተበላሸው ኩሽኔታ ይኽ ምልክት ካለበት ምልክቱ በሌለው መተካት አይገባም፤ ሞተር ሲግል ብረት ስለሚሰፋ ክፍተቱ ተለክቶ የተሰጠ ነው።

ሕጉንም በሚመለከት፤ በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋራ የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ገዥም ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይፈለግበታል። የኩሽኔታ ጉድለት ግን በሱቁ ደጃፍ ላይ የሚታይ ስላልሆነ ሁለቱንም ወገን የሚጠብቀው በደረሰኙ ላይ የሚሰፍረው ጽሑፍ ነው። የዕቃው ቍጥር፤ የፋብሪካው ስም፤ የተሸጠበት ቀን፤ አብረው የተሸጡት ዕቃዎች፤ ሻጩ የሚሰጠው የዋስትና ጊዜ በግልጽ ይጻፍ። ደንበኛው መወጠሪያውን ወይም ጓርኒሲዮኑን ‹አልፈልግም› ቢል እንኳ ይኸው ይመዝገብለት፤ በኋላ ሞተሩ ቢበላሽ ምክንያቱን ለማወቅ መሠረት ይሆናል።

ክቡራን ነጋዴዎች፤ አንድ ኩሽኔታ ብቻ ሸጦ ደንበኛን ማሰናበት ቀላል ነው፤ የዕለቱም ሒሳብ ይዘጋል። ነገር ግን ያ ደንበኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ክዳን ዳግመኛ አስከፍቶ፤ የጉልበት ዋጋ ዳግመኛ ከፍሎ ሲገኝ የሚያስታውሰው የኩሽኔታውን ፋብሪካ ሳይሆን የሱቁን ስም ነው። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ሲጽፍ ኩሽኔታውን ከነጓደኞቹ ይዘዝ፤ ባለ ሱቁም ሲሸጥ ‹ክዳኑ ከተከፈተ ዘንድ እነዚህም አብረው ይለወጡ› ብሎ ለደንበኛው ያስረዳ። ደንበኛው የሚጨምረው ዋጋ ጥቂት ነው፤ የሚያተርፈው ግን ሞተሩን ነው።